«ፊትዎ አይጫወትም»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፒያኖ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 41 ነው። ፒያኖ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ኖታ አነባለሁ፣ ቀለል ያሉ ሥራዎችንም በሁለት እጄ እጫወታለሁ። ቤቴ ያለው 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ነው። ለዓመታት ሳዳምጣት የኖርኩ አንዲት የመድረክ ፒያኒስት በኢንተርኔት ተማሪ መቀበል እንደጀመረች በቅርቡ አየሁ። ለአንድ ትምህርት የምትጠይቀው በየሳምንቱ ከሚያስተምረኝ መምህር አምስት እጥፍ ነው። እሱን ትቼ ወደ እሷ ልሂድ? በስክሪን የሚሰጥ ትምህርትስ ይህን ያህል ያስከፍላል ወይ? እውነቱን ለመናገር፣ እሷ ፊት መጫወቱም ያሳፍረኛል።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ። እፍረቱ አንድ ቀን ነው፤ የኔን ላውራዎትና ይፍረዱ።

ልጆችን ፒያኖ ሳስተምር ሃያ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ በ46 ዓመቴ፣ ከአንዲት የመድረክ ፒያኒስት ጋር በስክሪን መማር ጀመርኩ። ለመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ የሚሆን ሥራ በቃሌ ያዝኩ። ሸሚዝ ተኮስኩ። ላፕቶፔን ፊቴ ጥርት ብሎ እንዲታይ ከፒያኖው በላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ስክሪኑን ትንሽ አየችና «ፊትዎ አይጫወትም» አለችኝ። ተነሥቼ ስልኬን በመጻሕፍት ቁልል ላይ አድርጌ ከቀኝ ጎኔ አቆምኩትና ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ቁልሉ ተናደ፤ ስልኩ ከነጥሪው ቁልፎቹ ላይ ወደቀ። በእሷ በኩል ምን ዓይነት ድምፅ እንደተሰማ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲያ ግን የማፍርበት ነገር አልቀረኝም።

ስልኩን መልሼ ካቆምኩ በኋላ አራቱን ገጽ አልፈለገችም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባር ብቻ አለችኝ፤ ባር ማለት ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፋፈልበት አንዱ አጭር ክፍል ነው። ተጫወትኩ። «እንደገና።» ተጫወትኩ። «እጅዎን ከቁልፎቹ ያንሱና ክንድዎን ጭንዎ ላይ ይጣሉት።» ጣልኩት። «አልጣሉትም፤ አስቀመጡት» አለች። እውነቷን ነው፤ ክንዴ ጭኔን እስኪነካ ድረስ ትከሻዬ አልለቀቀውም ነበር። አምስት ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በሰባተኛው ይመስለኛል እንደ እርጥብ ፎጣ ዱብ አለ። «አሁን ያንኑ ክንድ፣ በዚያው ክብደት፣ የመጀመሪያው ኮርድ ላይ።» (ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ቁልፎች ናቸው።) ያን ድምፅ ከገዛ ፒያኖዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አርባው ደቂቃ እዚያው ላይ አለቀ።

ልብ ይበሉ፣ ጥፋቴን ያገኘችው በጆሮዋ ሳይሆን በዓይኗ ነው። በስክሪን ጥሩ መምህር የሚከፈለውም በዋናነት ለዚህ ነው፦ ትከሻዎ መቼ እንደሚነሣ፣ የእጅዎ አንጓ የት ላይ እንደሚደርቅ፣ አውራ ጣትዎ ከመዳፍዎ ሥር ሲያልፍ ክርንዎ ምን እንደሚሆን ለማየት። ስለዚህ ካሜራው ቁልፎቹን፣ ሁለቱን እጅ፣ ክርንና ትከሻን በጎን በኩል አንድ ላይ ያሳይ። ሁለተኛ ስልክ ካለ ከላይ ወደ ታች ያሳይ፤ ፔዳል ላይ ስትደርሱ እሱኑ ወደ እግርዎ ያዙሩታል። መቆሚያ ይግዙ። መጽሐፍ ላይ ስልክ አያቁሙ።

ጆሮዋ ለምን አያገለግልም? የቪዲዮ ጥሪ የተሠራው ለወሬ ነው። ሰው ሲያወራ ድምፁ ይቆራረጣል። ሳይቆራረጥ የሚቆይ ድምፅ ሲመጣ ፕሮግራሙ የማራገቢያ ወይም የሞተር ጩኸት መስሎት ይቀንሰዋል። ፔዳል ተረግጦ አየር ላይ የሚቆይ ኮርድ ለእሱ ማራገቢያ ነው። ይህ ሳያንስ፣ የተናጋሪው ድምፅ እኩል እንዲሆን ብሎ ዝግ ያለውን ያጎላል፣ ጮክ ያለውን ያፍናል። እርስዎ ከሹክሹክታ ተነሥተው በስምንት ባር ወደ ነጎድጓድ ሲወጡ፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከዚያ «እዚህ ላይ ከፍ ይበሉበት» ትልዎታለች፤ እርስዎም ይደበድቡታል፤ መምህርዎ በሳምንቱ ምን ነክቶዎት እንደሆነ ይጠይቅዎታል።

በዙም ከሆነ የምትማሩት፣ በድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሽያንስ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ይክፈቱ፤ በየጥሪው መብራቱንም ያረጋግጡ። ያን ጊዜ ድምፁን ማጣራቱን ይተውና እንዳለ ያስተላልፋል። በዚያው ውስጥ የገደል ማሚቶ መከላከያውን ካጠፉት ግን ማዳመጫ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፤ አለዚያ የራሷ ድምፅ ከእርስዎ ስፒከር ወጥቶ ተመልሶ ይደርሳታል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ማዳመጫውን ዲጂታል ፒያኖው ላይ ከሰኩት የፒያኖው ስፒከር ይዘጋል። እርስዎ ሙዚቃ ይሰማሉ፤ እሷ የምትሰማው የፕላስቲክ ቁልፍ ሲቀጠቀጥ ነው። አንዱ ተማሪዬ አንድ ሙሉ ሥራ እንዲህ ተጫውቶልኛል። ጨርሶ «እንዴት ነው?» አለኝ። ኢንተርኔቱን በገመድ ቢያደርጉት ደግሞ መቆራረጡ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ጥሪ ጥሪ ነው። ለድምፅ መፍትሔው ቀረጻ ነው። ከትምህርቱ ሁለት ቀን በፊት በስልክዎ ቀድተው ይላኩላት። ፋይሉ ከጥሪው በጣም የተሻለ ድምፅ ይዞ ይደርሳል፤ ባትሰማው ደግማ መስማት ትችላለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጻ ስልክላት 11 ጊዜ ቀድቼ 11ኛውን ላክሁ። «ስንተኛው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «የመጀመሪያውን ይላኩልኝ፤ የምፈልገው ስሕተት ያለው እሱ ላይ ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን ነው የምልከው። ጥቅሙ ለእኔም ነው። ለሃያ ዓመት ተማሪዎቼን «ግራ እጅ ይቀንስ» ስል የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ግራ እጄ ዜማውን እንደሚረግጠው ያወቅኩት በዚያ ቀረጻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። መድረክ ላይ የምታስደንቅ ሰው ማስተማር ታውቃለች ወይ? ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩ ናቸው። የ19ኛው መቶ ዘመን ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ፍሬደሪክ ሾፓን በሕይወቱ ሙሉ በሕዝብ ፊት ያቀረበው ሠላሳ ገደማ ኮንሰርት ብቻ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ይተዳደር የነበረው በአብዛኛው በማስተማር ነው። የዘመኑ ዝነኛ ፒያኒስት ፍራንዝ ሊስት በ1847፣ ገና በ35 ዓመቱ፣ እየተከፈለው መድረክ መውጣቱን ተወ፤ ከዚያ በኋላ ከየአገሩ የመጡ ፒያኒስቶችን ያለ ክፍያ ሲያስተምር አረጀ። ሁለቱንም የሚችል ሰው አለ። የማይችልም አለ። ከአሁኗ መምህሬ በፊት የሞከርኩት ሰው አንድ ነገር በጠየቅኩት ቁጥር ራሱ ይጫወትልኝ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋታ! ግማሽ ሰዓት አፌን ከፍቼ አዳምጣለሁ፤ ስክሪኑ ሲዘጋ እጄ ላይ የቀረ ነገር የለም። በሦስተኛው ተውኩት። ለኮንሰርት ከሆነ ትኬት ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ የአሥር ጊዜ ክፍያ ጠቅልለው አይክፈሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ይያዙ። የሚያስቸግርዎትን ሁለት ባር መርጠው ይውሰዱና «ይህ ለምን ይሰናከልብኛል?» ይበሏት። «እንዲህ ነው» ብላ ተጫውታ ካለፈችው አንድ ምልክት ነው። እጅዎን አይታ፣ ጣት አስቀይራ፣ አዘግይታ፣ በአንድ እጅ አስደርጋ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ እርስዎ ራስዎ ለውጥ ከሰሙ ሌላ ምልክት ነው።

የመድረክ ሰው ጊዜው የራሱ እንዳልሆነም ይወቁት። ይጓዛሉ። ኮንሰርት ሲቃረብ ይሰርዛሉ፣ የሰዓት ልዩነቱ ይምታታል። ከመክፈልዎ በፊት የስረዛውን ነገር በጽሑፍ ይነጋገሩበት። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ከተማርኩት ሁሉ የማልረሳው አንድ ቀን ፒያኖ ከሌለበት የሆቴል ክፍል ያስተማረችኝን ነው። ሦስት እርሳስ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደመች። «እነዚህ ጥቁሮቹ ናቸው፤ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ» አለችኝ። ሦስቱን ረጃጅም ጣቶቿን እርሳሶቹ ላይ አሳረፈች፤ አጫጭሮቹ፣ አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ፣ ከግራና ከቀኝ ጠረጴዛው ላይ አረፉ፤ ኢ እና ቢ የሚባሉት ነጭ ቁልፎች መሆናቸው ነው። እጇ ሳይጨነቅ፣ እንደተኛ ድመት ክብ ሆኖ ተቀመጠ። ሾፓን ተማሪዎቹን እጅ ማስቀመጥ ያስጀምር የነበረው በእነዚህ አምስት ቁልፎች ነው፤ የመጀመሪያው ስኬልም (በቅደም ተከተል የሚወጡት ድምፆች) አምስቱም ጥቁር ቁልፎች ያሉበት ቢ ሜጀር ነበር። እኔ ልጆችን ሁሉ በሲ ሜጀር ነበር የማስጀምረው፤ ሻርፕ የለበትም፣ ሁሉም ነጭ ቁልፍ ነው፣ ለማንበብ ይቀላል ብዬ። ለዓይን ይቀላል። ለእጅ ግን ሁሉም ቁልፍ አንድ ደረጃ ላይ ስለሆነ ረጅሙ ጣት የሚያርፍበት አያገኝም፤ ይታጠፋል፣ ይጨናነቃል። አንዲት ድምፅ ሳንሰማ አንድ ሰዓት አለፈ። በማግስቱ ተማሪዎቼን ሁሉ ጥቁሮቹ ላይ አሳረፍኳቸው፤ ወላጆች ደውለው «ሲ ሜጀር ቀረ እንዴ?» አሉኝ።

ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ እኔ ብሆን መምህሬን አልተውም። አምስት እጥፍ ማለት ከእሷ ጋር በምትቀመጡበት አንድ ክፍያ ከእሱ ጋር ከአንድ ወር በላይ መማር ማለት ነው። በስድስት ሳምንት አንዴ እሷ ጋ ይግቡ፤ በመካከሉ የሰጠችዎን ከእሱ ጋር ይሥሩበት። እሷ ጋ የሚወስዱት ሥራ ኖታውን የጨረሱት ይሁን፤ የተሳሳተ ቁልፍ ለማረም እሷ በጣም ውድ ናት። እና ለመምህርዎ አስቀድመው ይንገሩት። ከሌላ ሰው ሲሰማው ነው የሚከፋው፤ እኔ ሰምቼ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ገና መጀመሩ ነው፤ ጎበዝ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው በትልቅ ፒያኒስት እጅ ይግባ ብዬ በኢንተርኔት ላስተምረው አስቤያለሁ። እኔ ፒያኖ አልችልም። እንዴት ልርዳው?

መልስ፦ እናቱ፣ ትልቁ ፒያኒስት ይቆይ። ጀማሪ ልጅ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የሚያየው፣ ከተቻለም አንድ ክፍል ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ፣ ልጅ የሚወድ መምህር ነው። አንጓው ሲወድቅ በሁለት ጣት ከሥር ደገፍ የሚያደርግ እጅ በስክሪን አይመጣም።

በስክሪን ብቻ የሚሆን ከሆነ ግን ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ወንበሩን ያስተካክሉለት፦ ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ እግሩም አይንጠልጠል። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በትከሻው ነው። ከእግሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ያስገቡለት።

እርስዎ ከካሜራው ውጭ ተቀምጠው ማስታወሻ ይያዙ፤ ካሜራ አዙሩ ሲባል ያዙሩ። ሌላ ሥራ የለዎትም። አንዲት እናት ከጎን ሆና «ጣትህን! ጣትህን!» እያለች በሹክሹክታ ታርመው የነበረች አለች፤ ልጁ ግማሹን ትምህርት የሚያየው እኔን ሳይሆን እሷን ነበር። ማይክሮፎኑ ደግሞ የፒያኖውን ድምፅ ትቶ የሷን ሹክሹክታ ያጎላዋል፤ ከላይ እንዳልኩት ለወሬ ነው የተሠራው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ያለኝ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ነው። ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። ገንዘብ አጠራቅሜ ከአንድ የኮንሰርት ፒያኒስት ጋር ጥቂት ትምህርት ልውሰድ ወይስ ፒያኖ ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክር። አንዱን ቁልፍ ቀስ ብለህ ተጫን፤ ከዚያ ያንኑ በኃይል ምታው። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ኪቦርድህ ጣትህን አይሰማም ማለት ነው፤ ያን ለማይሰማ መሣሪያ የመድረክ ፒያኒስት ምን ታድርግልህ? የእነሱ ዕውቀት ሁሉ ያለው ቁልፍ በሚነካበት መንገድ ላይ ነው። ድምፁ ከተለወጠ ደኅና፤ ግን ቁልፉ ክብደት ከሌለው ጣትህ አይጠነክርም፤ እውነተኛ ፒያኖ ላይ ስትቀመጥ መዶሻ የሚያነሣው ቁልፍ ይከብድሃል። የቁልፉ ቁጥር ያን ያህል አያስጨንቅህ፤ 61 ማለት አምስት ኦክታቭ (ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ አምስት ጊዜ) ነው፣ ለብዙ የጀማሪ ሥራ ይበቃል። የሚያስጨንቀው ክብደቱ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን አስቀድም። ያገለገለ፣ ቁልፉ ክብደት ያለው ዲጂታል ይሁን፤ ስትገዛ ግን ሳትነካው አትክፈል።

እስከዚያው በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ በኢንተርኔት የሚታይ ማስተርክላስ ፈልግ። አንዱ ይጫወታል፣ ፒያኒስቱ ያርማል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሊስትም በጀርመኗ ከተማ በቫይማር ያስተምር የነበረው እንዲሁ ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው። የሚጫወተውን ሥራ ኖታ አስቀድመህ አውርደህ እርሳስ ይዘህ ተቀመጥ። መምህሩ ከማረሙ በፊት አንተ ጥፋት የመሰለህን ቦታ ክበብ፤ በኋላ ስንቱን እንዳገኘህ ቁጠር። እኔ አሁንም እንዲህ አደርጋለሁ፤ አሁንም ግማሹ ያመልጠኛል።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ የምንኖረው በተለያየ አገር ነው። ልጅ ሳለን በአንድ ፒያኖ ላይ በአራት እጅ እንጫወት ነበር። በቪዲዮ ጥሪ ሞከርነው፤ በሁለተኛው ባር ተለያየን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጥሪው በ150 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ፣ ይህ የተለመደ ነው፣ እህትዎ ከእርስዎ 50 ሜትር ርቃ እንደተቀመጠች ቁጠሩት። በዚያ ርቀት ማንም አብሮ አይጫወትም። እርስዎ እሷን ይጠብቃሉ፣ እሷ እርስዎን ትጠብቃለች፣ ቴምፖው (የጨዋታው ፍጥነት) እየተጎተተ ይሞታል። በዚሁ ምክንያት መምህሬም በስክሪን አጨብጭባልኝ አታውቅም፤ ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም እኔ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

በቀረጻ አድርጉት። አንዳችሁ የራሳችሁን ክፍል ቀድታችሁ ላኩ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ባር ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ሌላዋ የት እንደምትገባ እንድታውቅ። ሌላዋ በማዳመጫ እየሰማች በላዩ ላይ ትጫወታለች። መጀመሪያ የምትቀዳው የታችኛውን፣ የግራውን ክፍል የያዘችው ትሁን፤ ቴምፖውንም ብዙውን ጊዜ ፔዳሉንም የምትይዘው እሷ ናት። ልጅ ሳላችሁ በግራ በኩል የምትቀመጠው ማን ነበረች?